እርጥቡ ባሕር ዛፍ

ባለፈው ሳምንት የአጥሬ ማገር ተሰብሮ አጣና ልገዛ ወደ ሸጎሌ ሄድኩ። ከክምሩ አንዱን መርጬ ወደ ትከሻዬ ሳነሳ ሻጩ ወጣት እጄ ሲንቀጠቀጥ አየና፣ «አባባ፣ እሱ እርጥብ ነው፤ ይከብድዎታል። ደረቁን ልስጥዎት» አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው። እርጥቡን ከደረቁ መለየት ማን እንዳስተማረኝ ግን ከየት ያውቃል?

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔም የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ የአስር አለቃነት ማዕረጌን ከለጠፍኩ ወር ያልሞላኝ። ከሸጎሌ በላይ፣ እንጦጦ ሥር ካለ ካምፕ የክፍለ ጦራችን አሠልጣኝ ቡድን ውስጥ አንድ ዓመት ሠራሁ። አራት ነበርን። አለቃችን ሃምሳ አለቃ ወርዶፋ ከሱሉልታ ወገን የመጡ፣ ከቁጣቸው ይልቅ ዝምታቸው የሚያስፈራ ሰው ነበሩ። በዓመቱ ሦስት ዙር ምልምል ተቀበልን። ጠዋት ጠዋት በጣሳ ሻይ ኮቾሮ እየነከርን እንበላለን፤ ያ ብስኩት ካልነከሩት ጥርስ ያወልቃል።

ጠመንጃ ለሁሉም ስለማይበቃ ምልምሎቹ የሚሠለጥኑት በእንጨት ጠመንጃ ነበር። እሱን ማሠራት የእኔ ድርሻ ሆነ። እውነቱን ልናገርና ጉረኛ ነበርኩ። ደርቆ የከረመ ባሕር ዛፍ እየመረጥኩ አስላጥኩ፣ በጠርሙስ ስባሪ አስፋቅኩ፣ ለስላሳና ቀላል አደረግኩት። ልጆቼ በሰልፍ ላይ ያንን ሲያነሱ መኮንኖች ሳይቀሩ ቆም ብለው ያያሉ፤ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። የፊተኞቹ ሁለት ዙሮች በተኩስ ደከም ሲሉ በብረቱ እርጅና አሳበብን።

ሦስተኛው ዙር ከሐምሌ ጭቃ ጋር መጣ። ከመካከላቸው ንጉሤ የሚባል ቀጭን ወጣት ነበር፤ ለእናቱ አንድ ነው። ሰልፍ ላይ የሚያህለው አልነበረም። በመጀመሪያው የተኩስ ቀን ግን እውነተኛው ብረት እጁ ሲገባ ክንዱ ተንቀጠቀጠ። አምስት ጥይት ተኮሰ፤ የኢላማው ወረቀት አንድም ቀዳዳ ሳይኖረው ወረደ። ከሠላሳው ልጆቼ ያለፉት አራት ብቻ ናቸው።

ሃምሳ አለቃ ወርዶፋ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ድጋሚው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው» አሉ።

«ያን ቀንም ካልቻሉስ፣ ሃምሳ አለቃ?»

«ቻሉም አልቻሉም በማግስቱ መኪና ይመጣል። ግንባር አይጠብቅም።»

ለሰልፍ እንጂ ለጦርነት አላሠለጠንኳቸውም ነበር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ደረሰብኝ፤ አፈርኩ፣ ስለ ልጆቹም ፈራሁ።

እትዬ ሙሉ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ሁልጊዜ አጥራችን አጠገብ ያርፋሉ፤ ሻይ እናቀብላቸዋለን። በማግስቱ ልምምዳችንን ሲያዩ ቆዩና ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ እነዚህን ምን አስይዘሃቸዋል?»

«ጠመንጃ ነዋ፣ እትዬ።»

«ደረቅ እንጨት ነው እንጂ። እኔ ደረቅ የተሸከምኩ ቀን እያንጎራጎርኩ ነው የምወርደው። ጀርባ የሚያጠነክር እርጥቡ ነው።»

ጣሳውን መለሱልኝ፣ ሸክማቸውን አነሱና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ባሕር ዛፍ አስቆረጥኩ፤ ወፍራም፣ ከነልጣጩ። ማታ ማታ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፈን እናሳድረዋለን። አንድ መኮንን አይተው፣ «ቤት ልትሠሩ ነው?» ብለው ሳቁብን። ሃምሳ አለቃ ወርዶፋ አልሳቁም። አንዱን አንስተው ዝናቡ ውስጥ አነጣጥረው ቆሙ፤ ክንዳቸው እስኪዝል ቆሙና፣ «በዚህ አስለምዳቸው» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ እሳቸውም ከልጆቹ ጋር ተሰልፈው ያንን ግንድ ያነሱ ነበር። ልጆቹ ረገሙኝ። የንጉሤ መዳፍ ውኃ ቋጠረ፤ እንጨቱን ግን አልጣለም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ንጉሤ ከአምስቱ ሦስቱን መታ። ከሠላሳው ሃያ ስድስቱ አለፉ። በማግስቱ መኪናው ወሰዳቸው።

ሁሉም ተመለሱ ብል ውሸት ነው። ያልተመለሱትን በስማቸው አስታውሳለሁ፤ በጸሎት ስማቸውን የማነሳቸውም አሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ግን አንድ ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ንጉሤ ነበር፤ ይበልጥ ከስቶ፣ በላስቲክ ጫማ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም ሁለት እጆቹን ፊቴ ዘረጋቸው።

«ይኸው፣ አስር አለቃ» አለኝ።

አልተንቀጠቀጡም። ደጃፉ ላይ ቆመን ሁለታችንም አለቀስን።

«እርጥቡን ስጠኝ» አልኩት ሻጩን። ቤቴ እስክደርስ ሦስቴ አረፍኩ። ከዓመታት በፊት ጎረቤቴ የሆነው ንጉሤ መዶሻና ሚስማር ይዞ አጥሩ ሥር ይጠብቀኝ ነበር። እንጨቱን አየና፣ «ደረቅ አልነበራቸውም?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳልጠይቀው መጥቶ በወፍራሙ ጫፍ በኩል ያዘልኝ።