ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ወንዝ

ልጅ ሳለሁ፣ ዳባት ላይ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ በራችን ይቀረቀር ነበር። የደርግ ጊዜ ነው፤ ሰዓት እላፊ ታውጇል፤ አባቴ ዘምቷል። ከመሸ በኋላ ደጅ የሚሰማው የጥበቃዎቹ ጫማና የውሻ ጩኸት ብቻ ነበር። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ አዱኛ፣ እኔና መንኩሰው እኛ ዘንድ የተጠጉት የአባቴ አክስት፣ እማሆይ ጥሩዬ፣ ምድጃውን ከበን እንቀመጥና፣ የኩራዙ ጭስ ጣራውን እያጠቆረ፣ ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየገባ፣ ተረት እንሰማለን። እነሱ ይሰማሉ ማለቴ ነው።

ያኔ እማሆይ ተረት የሚያወሩት በሹክሹክታ ነበር፤ ድምፅ የተሰማበት ቤት «ስብሰባ ተቀምጠዋል» ተብሎ በሩ ይደበደባላ። እኔ ደግሞ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ወንዝ ነበረኝ። ሹ… ሹ… ሹ… እያለ ይሄዳል፤ ስሮጥ ይፈጥናል፣ ጋደም ስል ይጎላል፣ አንድም ቀን አያርፍም። ቀኙ ከእሱ ሌላ ምንም አይሰማም፤ ግራው የሚለቃቅመውንም ወንዙ ይሸፍንብኛል። የእማሆይን ከንፈር እያየሁ፣ ሰው ሲስቅ ዘግየት ብዬ እስቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ለእናቴ «ጆሮዬ ውስጥ ወንዝ አለ» ብያት ነበር። ምስኪን፣ ቅቤ አሙቃ አፈሰሰችበት። ቅቤው አልሆን ሲል ጎረቤት ተሰብስቦ መከረ። ወንዝ ካለች፣ በቀትር ወንዝ ወርዳ ጋኔን ለክፏት ነው ተባለና ከእኩዮቼ ጋር ውሃ መውረድ ተከለከልኩ። ቀን ቤት፣ ማታ ቤት። እውነቱን መናገሬ ሌላ በር ቆለፈብኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ወንዙ ትንፍሽ አላልኩም።

ከሁሉ የሚብሰው እንቆቅልሹ ነበር። አዱኛ «እንቆቅልሽ» ሲል በአፉ አኳኋን አውቄ «ምን አውቅልህ» እላለሁ፤ ጥያቄውን ግን ወንዙ ይወስደዋል። «አገር ስጪኝ!» ደባርቅን ሰጠሁት። መካነ ብርሃንን ሰጠሁት። ጎንደርን ሳይቀር ሰጠሁት። አገር የወሰደ ሰው የሰጠውን መዝለፉ ወግ ነውና ጎንደር ገብቶ እየተንደላቀቀ ይሰድበኝ ነበር። አንድ ማታ ግን ከወጉ አለፈና፣ ፊቴ ላይ ተደፍቶ «ደንቆሮ!» አለኝ። እሱን ሰማሁት።

ደሜ ፈላ። «አሁን የኔ ተራ ነው! እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ» አለ እየሳቀ።

«ቀን ከሌት ይሄዳል፣ ከቤት ግን አይወጣም።»

«አይጥ» አለ፣ «ጭስ» አለ። እናቴ «የኛ ኑሮ ነዋ» አለች። አላወቁትም።

«ጆሮዬ ውስጥ ያለው ወንዝ ነው!» ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

«ይኼ ደግሞ እንቆቅልሽ ነው?» አለ አዱኛ።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። በእጃቸው ጠሩኝ፣ ቆባቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉና ጆሯቸውን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፉት። ጉንጫቸው የእሳቱን ሙቀት ይዟል። ቆዩ። እናቴ ልትናገር ስትል በእጃቸው ከለከሏት። ከዚያ አፋቸውን ወደ ግራ ጆሮዬ አዙረው፣ ሰዓት እላፊውን ረስተው ጮኹ፤

«በስመ አብ! እውነቷን ነው እኮ! ይሄዳል!»

«ጋኔኑ ነው?» አለች እናቴ።

እማሆይ የእጄን የደም ሥር በጣታቸው ያዙ፤ እንደገናም አዳመጡ። «ምን ጋኔን አመጣሽብኝ! ጋኔን የልቧን ምት ጠብቆ ይሄዳል? የገዛ ደሟ ነው እንጂ።» ወደ አዱኛ ዞሩ። «አንተ! እሷ ሳትሰማ የወሰድክባትን አገር ሁሉ መልስላት!»

እያጉረመረመ መለሰልኝ። ጎንደርን መጨረሻ ላይ መለሰ።

እውነተኛዋ ጎንደር፣ ሆስፒታሉ ያለባት፣ ግን አልተመለሰችልኝም። መንገዱ ጦርነት ነበር፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ማንም አያልፍም። አድጌ ሐኪም ፊት ስቀርብ፣ ከጆሮዬ ጀርባ የደም ሥሮች ያለቦታቸው ተገናኝተዋል፣ ከልጅነትሽ የነበረ ነው አለኝ። ሐኪሞቹ መገናኛውን ዘጉልኝ፤ ወንዙ ቆመ። መስማቴ ግን አልተመለሰም፤ ብዙ ዘግይቼ ነበር።

ወንዙ የቆመ ዕለት ማታ ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። እማሆይ ካረፉ ቆይተዋል። ከተረቶቻቸው አንዱንም ከነጫፉ አላውቀውም፤ የቀረልኝ የጆሯቸው ሙቀት ነው። ያኔ ሁላችንም አንድ ቤት ተዘግቶብን ነበር፤ እኔ ብቻዬን ወደ ተዘጋብኝ የገቡት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።