ባለ ቀፎው ፊልም

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛችውን ካሜራ ይዛ መጣችና «አክስቴ፣ ቻርጀሩ የሚሰካው የት ጋ ነው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ፊልሙ በፕላስቲክ ቀፎ እንደተዘጋ የሚገባበት ዓይነት ነው። ብርሃኑን ራሱ ይመጥናል፤ ከሰው የሚጠበቀው መጫን ብቻ ነው። እኔ ግን እሱንም ማበላሸት የቻልኩ ሰው ነኝ።

ያኔ ጅቡቲ፣ ሀራሙስ ውስጥ አንዲት ፈረንሳዊት ቤት እሠራ ነበር። አርብ አርብ የአገር ልጆች ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር እንሰበሰባለን። ትኩስ ሳምቡሳ እየበላን፣ ልብስ እየተዋዋስን ፎቶ እንነሳና በሾፌሮች እጅ ወደ አገር ቤት እንልካለን። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ አምሮ መታየት ነበረብን።

የጓደኛዬ የብርቱካን ጉዳይ ግን ከማማር ያለፈ ነበር። ኮምቦልቻ ያሉት እናቷ «ልጅዎ በረሃ ላይ ቀርታለች» ተብለው ጥቁር ለብሰዋል። ደብዳቤ ብንልክላቸውም ማጽናኛ እንጂ እውነት አልመሰላቸውም። ስለዚህ የማዳምን ይህንኑ የመሰለ አሮጌ ካሜራ ለምኜ፣ የራሴን ቢጫ ቀሚስ አልብሼ አነሳኋት። በማግስቱ ብርቱካን በጀልባ ወደ የመን ተሻገረች። ሌላ ፎቶ የማንሳት ዕድል አልነበረም።

የቀረውን ፊልም በሚቀጥለው አርብ ጨረስነው። አጎቴ ካሜራ ስለነበረው ፊልም ከመውጣቱ በፊት ወደ ኋላ እንደሚጠቀለል አውቃለሁ። መጠቅለያውን ብፈልግ፣ የለም። ይሆናል ያልኩትን ነገር ገፋ ሳደርገው በዚያ ጠራራ ፀሐይ የኋላ ክዳኑ ተከፈተ። ክው አልኩ። እኚያን እናት ልጃቸውን ሁለተኛ ያስቀበርኳቸው መሰለኝ።

ሁለት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ፊልሙን እንዲሁ ይዤ መሃል ከተማ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ አማርኛ የሚሞክሩ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ምን ያስለቅስሻል?»

ነገርኳቸው። ቀፎውን አገላብጠው ሳቁብኝ። «ይሄ አይጠቀለልም። የተነሳው ሁሉ እዚህ ሆዱ ውስጥ ተደብቋል። ብርሃን ያገኘው መጨረሻ ላይ ያለው ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። የተቃጠለው የኔው ፎቶ ነው። ብርቱካን በፀሐይዋ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ ከነቢጫ ቀሚሷ ምንም ሳትሆን ወጣች። እጃቸውን ልስም ስንደረደር ሽማግሌው ሸሹኝ።

ፎቶውን ይዘው የሄዱት ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ።

«እናቷ በር ላይ ወጥተው አዩት፣ አዩትና፣ ‹ከስታለች! ምንድን ነው የሚያበሏት?› ብለው ጮኹብኝ» አሉ። «ጥቁሩን እዚያው አወለቁት።»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም። ዛሬ ማንም ሰው «ከስተሻል» ቢለኝ አልቀየምም። ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም።