ያልወጋሁት ክንድ

ይህን ነገር እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርሁትም። የነፍስ አባቴ ፊት ቀርቤ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር፣ ይኸኛው ጋ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ ልናዘዝ።

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ባለ አንድ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞርሁ ነፍሰ ጡር እመዘግባለሁ፣ ሕፃናት እከትባለሁ፣ ሽንት ቤት ያልቆፈረ አባወራ ካገኘሁ እጨቃጨቃለሁ። ምላሰ ረጅም ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

የኮሮና ክትባት ዘመቻ ወደ እኛ የመጣው በነሐሴ ነበር፤ የፎገራ ሜዳችን ላይ ውሃ በሚተኛበት ወር። በመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቤት ቀረኝ፤ የእማማ አንጓች ቤት። ጭቃው ቦት ጫማዬን እየነጠቀ አድክሞኛል። በሳጥኔ ውስጥ ያልተከፈተ አንድ ብልቃጥ አለ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ነው፤ ከተከፈተ ግን በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፣ የተረፈው ይደፋል። ለአንድ ሰው ብዬ ከፍቼ ብደፋው ለምን ደፋሽ እባላለሁ። ሳልከፍተው ብመለስ ለምን ሰው አስቀረሽ እባላለሁ። አሰልጣኛችን ሰው ከሚቀር መድኃኒቱ ይደፋ ብሎን ነበር። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

እማማ አንጓች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። የኮሮናውን ተከትበው እንደሆነ ከአጥሩ ማዶ ጠየቅኋቸው።

«አዎ ልጄ፣ ተከትቦልኛል» አሉኝ፤ አንገታቸው ላይ ያለውን በቆዳ የተሰፋ ክታብ በጣታቸው ነካ አድርገው።

ተከትቦልኛል ነው ያሉት። ተከትቤያለሁ አላሉም። ደብተራ ለዚሁ ለመጣው በሽታ ብሎ የጻፈላቸውን ክታብ ነው የሚነግሩኝ። በቋንቋችን የሚጽፈውም ይከትባል፣ በመርፌ የሚወጋውም ይከትባል። እሳቸው በቃሉ ቢሳሳቱ ማን ይፈርድባቸዋል? እኔ ግን አልተሳሳትሁም። ሰምቻለሁ፣ አይቻለሁ፣ ገብቶኛል። ገብቶኝ ሳለ መዝገቤን ገልጬ በስማቸው አንጻር «ተከትበዋል» ብዬ ጻፍሁ። ጻፍሁ። ካርድም ሞልቼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ሳም አድርገው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። በዚህ ጭቃ ስለ እኛ ስትንከራተች እግዜር ይስጥሽ ብለው መረቁኝ። ምርቃቱንም አሜን ብዬ ተቀበልሁ።

ውሃው ሸሽቶ መንገዱ ሲደርቅ ሁለተኛው ዙር መጣ። ባልደረባዬ ስመኝ ያልተከተቡትን ዝርዝር ይዛ ዞረች። በእማማ አንጓች ደጅ አልፋ ጎረቤታቸውን ወጋች። ዝርዝሩን ጽፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አንዲት ስም መጨመር አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። አፈርሁ፣ ያ ብቻ ነው።

ሩዙ ሲታጨድ እማማ አንጓች ታመሙ። ሐኪም ቤት ወሰዷቸው፤ ኮሮና ነው ተባለ። ትንፋሽ እያጠራቸው በሳምንቱ ዐረፉ። ለቅሶ ደርሼ ከሰው ሁሉ እኩል አለቀስሁ። ዓይኔ እንዴት እንባ አወጣ?

ብወጋቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር? አላውቅም። ተከትበው የሞቱም አሉ። ነገር ግን ክትባቱ በሽታው እንዳይጠና ይረዳል እያልሁ ለመንደሩ ስሰብክ የኖርሁት እኔው ነኝ። ለራሴ ሲሆን «አላውቅም» የምትለዋ ቃል መደበቂያ ሆነችኝ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። «እማማ አንጓች ተከትበው አይደል የሞቱት?» የሚል ወሬ በመንደሩ ተዛመተ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ተዉ። እኔ፣ ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው ሴትዮ፣ ለዚህ ወሬ መልስ ነበረኝ። ዋጥሁት።

ዘንድሮ ለስልጠና ተጠራን። የኮሮና ዘመቻ አብቅቷል፣ ክትባቱ ከመደበኛው ሥራ ጋር ተቀላቅሏል፣ ቫይረሱ በተለዋወጠ ቁጥር ክትባቱም እየተሻሻለ ነው፣ ቅድሚያው ለአረጋውያንና ነባር ሕመም ላለባቸው ነው እያሉ አስረዱን። አሰልጣኙ ሕዝቡ የሚያምነው እናንተን ነው ሲል አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ። ስመለስ ስመኝ ወሬ ይዛ ጠበቀችኝ። በጎረቤት ቀበሌ ኩፍኝ ገብቷል። የእማማ አንጓች ልጅ ይታይሽ፣ ዘጠኝ ወር የሞላውን ልጇን አላስከትብም ብላለች። እናቴን ያላዳነ መርፌ ልጄን አይነካውም ነው ያለችው።

ማክሰኞ ሄድሁ። ይታይሽ ሕፃኑን እንደታቀፈች በርጩማ አቀረበችልኝ። አልተቀመጥሁም። ብቀመጥ የምናገር አልመሰለኝም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት። ሕፃኑ የነጠላዋን ጥለት እየጎተተ ይጫወታል።

«እናቴ መርፌውን አልተወጋችም ነው የምትይኝ?» አለችኝ።

«አልተወጉም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ሰዉ በእናቴ ሞት እያመካኘ ልጁን ሲያስቀር፣ ይኸን ሁሉ ዓመት ዝም ብለሽ አየሽ?»

«አዎ።»

ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ ይከተባል» አለች። «በአንቺ እጅ ግን አይሆንም። ስመኝን ላኪልኝ።»

ላክኋት። ሐሙስ ስመኝ ስትከትበው እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። ልጁ ሲያለቅስ ሰማሁ፣ እናቱ ስታባብለውም ሰማሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለመንደሩ እናገራለሁ። ከዚያ ለአለቆቼ። ከሥራ ቢያስወጡኝም ለምን አልልም።

ይታይሽን ይቅር በይኝ አላልኋትም። ብላት ይሉኝታ ይዟት ይቅር ትለኝ ነበር። እናቷን ነሥቻታለሁ፤ ቁጣዋን ደግሞ ልነሣት አልፈለግሁም።