በሬዎቹ ከውሃ እስኪመለሱ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር ባጃጅ ያዝኩ። ነጂው ጎልማሳ ሰው ነው፤ በስልኩ የሴቶች ኳስ ጨዋታ ያዳምጣል። ጥቁር ልብሴን ሲያይ ደንገጥ ብሎ ዘጋው።

«ይቅርታ እናቴ፣ ልብ አላልኩም» አለ።

ባለቤቴ ካረፈ ሰባተኛ ወሩ ነው። ሰው አጠገቤ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለምዷል።

«ተወው፣ ክፈተው» አልኩት።

«ኳስ ይወዳሉ እንዴ?»

«ደመወዝ በልቼበታለሁ።»

በመስታወቱ አየኝ። ኀዘኑ ያናገረኝ መሰለው መሰል፣ መልሶ ከፈተልኝ። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን አምስት መስመር እንኳ አይሞላልኝም።

ያደግሁት እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ካለ የገበሬ መንደር ነው። አሥረኛ ክፍል ስደርስ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ዓርብ ማታ ወደ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በሶዬንና ቆሎዬን ተሸክሜ ወደ ከተማ። የዚያን ዓመት ኅዳር መጨረሻ የትምህርት ቤቶች ውድድር ደብረ ታቦር ላይ ሲደረግ፣ አንዲት አሠልጣኝ ከባሕር ዳር መጥታ ኖሮ ስጫወት አየችኝ። የሴቶች ክለብ አላት። ደመወዝ፣ ማደሪያ፣ እዚያው ከተማ ትምህርት ቤት። አንድ ወረቀት ሰጠችኝና «ዕድሜሽ ስላልደረሰ አባትሽ ይፈርሙ። ታኅሣሥ ሳይወጣ ካልደረሰኝ ሌላ ልጅ እይዛለሁ» አለች።

ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ቤት ወስጄ ሦስቱንም መለስኩት። አባቴን ፈርቼ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮብኝ ሁለቱንም ጊዜ «ትማራለች» ብሎ የመለሰልኝ እሱ ነው። ያን ያህል የተሟገተልኝን ሰው እንዴት አድርጌ «ኳስ ልጫወት ልሂድ» እለዋለሁ? ወሩ ሊያልቅ ሲል ለስፖርት መምህራችን ለሙሉቀን ነገርኩትና ወረቀቱን ሰጠሁት። እሱ ለሐጂ ሰይድ ነገረ፤ አባቴ ጨውና አቡጀዲ የሚገዛው ከእሳቸው ሱቅ ነው። ሐጂ ደግሞ የመንደራችንን ቄስ ለገበያ ወጥተው ሲያገኟቸው ነገሯቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር ባቄላ ስንለቅም ሦስቱም መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ። አባቴ ግቡ ቢላቸው አልገቡም፤ ተቀመጡ ቢላቸው አልተቀመጡም። በእኛ አገር በማለዳ ሦስት ሆኖ መጥቶ «ሳይመለስልን አንቀመጥም» የሚል ሰው ጉዳዩ አንድ ነው፤ ልጅ ሊያጭ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ነገሩ የቄሱ ሥራ ነበር። «የሰው ልጅ በሥርዓት ነው የሚጠየቅ» ብለው መምህሩን ሳይቀር ጋቢ አስለብሰውታል።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። «አምና መልሻለሁ እኮ። ትማራለች ብያለሁ። ሐጂ፣ እርስዎስ ከመቼ ወዲህ ነው ለእኛ ልጆች ሽማግሌ የሆኑት?»

«እኔማ ጨው ሻጭ ነኝ፣ አያ ወርቁ» አሉ ሐጂ ሰይድ ሳቃቸውን እየዋጡ። «ቁም ተብዬ ነው የቆምኩ።»

«ልጁ የማን ነው?»

«ልጅ የለም» አለ መምህሩ።

«ሙሽራ ሳትይዙ ነው የመጣችሁ?»

መምህሩ ወረቀቱን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበለት። አባቴ የገለባ መንሹን መሬት ላይ ተክሎ አዳመጠ።

«ለኳስ ደመወዝ ይከፈላል?»

«ይከፈላል።»

«ለሴት?»

«ለሴትም።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንች ታውቂ ነበር?»

«ሦስት ሳምንት ደብተሬ ውስጥ ይዤዋለሁ፣ አባዬ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር ስልጆ ስትበይ ወረቀቱ ደብተርሽ ውስጥ ነበር?»

ያኔ ያለቀልኝ መሰለኝ።

አባቴ ዞሮ አውድማውን አየ። ገብስ የሚበራይበት ወር ነው። የመጀመሪያው ክምር ተነሥቶ አውድማው በእበት እንደገና ተለቅልቋል፤ ደርቆም ያብለጨልጫል። ታናሽ እህቴ በሬዎቹን ወደ ወንዝ ልትነዳ ገና ፈትታቸዋለች።

«በሬ እንኳ ጠምጄ ሳላይ አልገዛም» አለ። «ባሕር ዳሮች አይተዋታል። እኔ አባቷ አላየኋትም። በሬዎቹ ጠጥተው እስኪመለሱ ሦስቱ ወንድሞቿ ኳሷን ይንጠቋት። ከነጠቋት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ካልነጠቋት እፈርማለሁ። ጫማሽን አውልቂ፤ እህል የሚፈስበት ነው።»

መምህሩ ከቦርሳው ኳስ አወጣ። ወንድሞቼ ሦስቱም ታላላቆቼ ናቸው፤ ክንዳቸው ጅራፍና ሞፈር የለመደ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሲያወራ አምስት ያደርጋቸው ነበር። ሦስት ነበሩ። ሦስቱም በቂዬ ነበሩ።

ገና ስጀምር የልቅላቁ ልስላሴ አዳለጠኝና በጎኔ ወደቅሁ። ኳሷ ግን ከጉልበቴ ሥር ቀረች።

«ይችን ነው ደመወዝ የሚከፍሏት?» አለ ታላቁ፣ ሞላ።

«ልጄን አትግፉብኝ» አለች እናቴ፣ ከባቄላው ቀና ሳትል።

ስነሣ አንድ ነገር ገባኝ። እኔን ያዳለጠኝ ወለል እነሱንም ያዳልጣቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ከእኔ ይከብዳሉ። መሮጡን ተውኩና ኳሷን በውስጥ እግሬ እየሳብኩ ጠበቅኋቸው። ሲመጡብኝ ዞር እላለሁ፤ እነሱ ማቆም አቅቷቸው እስከ ገለባው ይንሸራተታሉ። ብናኙ አፍንጫዬን ሞላው፤ ላብና ገብስ ገብስ እሸታለሁ። ዐይኔን ወደ ወንዙ መንገድ ስልክ ማንም የለም። በሬ መቼም ሲጠጣ አይቸኩልም። ሁለተኛው ወንድሜ ቀሚሴን ያዘ። «ልብስ መያዝ ጥፋት ነው!» ብሎ መምህሩ ጮኸበት። ሞላ እግሩን አንፈራጥጦ መንገድ ሲዘጋብኝ በመካከሉ አሳለፍኳትና በጎኑ ዞሬ ያዝኳት። ቄሱ በትራቸውን መሬት ላይ እያጋጩ ሳቁ። ሞላም ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን የምሩን ነበር የሚመጣብኝ።

የበሬዎቹ ቀንድ በዳገቱ ጫፍ ብቅ ሲል ኳሷ ከእግሬ ሥር ነበረች። ሦስቱ ወንድሞቼ ገለባው ላይ ተዘርረዋል።

አባቴ እጁን በጋቢው ጠረገ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማራትን ስሙን ፊደል በፊደል ጻፋት። ብዕሩን ሲመልስ ለመምህሩ እንዲህ አለው፤ «አደራ። ትምህርቷን ብታቋርጥ አንተን ነው የማውቅ።» ያኔ ነው ሦስቱም ሽማግሌዎች የተቀመጡት።

በጥር ባሕር ዳር ገባሁ። ሁለት ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ አሳለፍኩ። በሦስተኛው ከዕረፍት መልስ ገባሁ። ሙቀቱ የሐይቅ ሙቀት ነው፤ ደገኛን ያፍናል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሷ ከማዕዘን ተሻምታ፣ የበረኛዋን እጅ ነክታ እግሬ ላይ ወደቀች። ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም። መረቡ ሲወዛወዝ ነው ማግባቴን ያወቅሁት። አንድ ለባዶ አሸነፍን። ጓደኞቼ ላዬ ላይ ሲከመሩ አፌ ሣር ሞላ።

አባቴ ከሐጂ ሰይድ ጋር መጥቶ እንደነበር ያወቅሁት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ እንዳጋደመ፣ ሳይነሣ ሳያጨበጭብ ጨረሰ። ጎሉ ሲገባ ግን አጠገቡ ወደተቀመጠው የማያውቀው ሰው ዞር ብሎ «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለው አሉ። ሐጂ ይህን እስኪሞቱ ድረስ በሱቃቸው ሲያወሩት ኖሩ።

ስድስት ዓመት ተጫወትኩ። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ተውኩ፤ ተማርኩ፤ ጋይንት አግብቼ መጣሁ፤ ወለድኩ። አሁን ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ያጣሁትን ይቆጥሩልኛል። ከደግነታቸው ነው፤ አልቀየማቸውም። እውነትም ባለቤቴን መያዝ አልቻልኩም። ስድስት ወር በሽታው ከእጄ ሲስበው እኔም ስስበው ቆይተን በመጨረሻ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ይዤ ማቆየት የማልችል ሴት እየመሰልኩኝ ነው የማድረው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ግን ያችን ልጅ አየኋት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሦስት ጎረምሶች መጡባት፣ ወደቀች፣ ተነሣች፣ አልሰጠቻቸውም።