በቅቤ ጣሳ ውስጥ ያሉት ጥርሶች

የልጅ ልጆቼ ጣሳውን ከአልጋዬ ሥር ጎትተው አወጡትና ክዳኑን ከፈቱት። «እማማ፣ ይኼ የማን ጥርስ ነው?» ብለው ሳቁ። ትንሿ ፈርታ ከኋላዬ ተሸሸገች። ትልቋ ደግሞ «ይንገሩን፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወሬዬም እንደ ላም ነው፣ ሣር ወዳየበት ይዞራል። ታግሠሽ ጻፊ አልኳት።

ጥርሶቹ የአባቴ ናቸው።

አባቴ አሰላ ውስጥ የከብት ደላላ ነበር፤ ሰው የሚያውቀው ግን በምርቃቱ ነው። ሠርግ ሲኖር፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ አዲስ ቤት ሲገባ፣ «እሳቸውን ጥሩ» ይባላል። ዱላውን ተደግፎ ይቆምና በኦሮምኛ ይጀምራል። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ወይም ነርስ ካለ፣ እንዳይከፋው ብሎ በአማርኛ ይደግመዋል። «ሆራ! ቡላ! እርቡ! ኑሩ!» ሲል እኛ «አሚን» እንላለን። መጨረሻ ላይ ወደ ሙሽራዋ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን እንትፍ እንትፍ ይላታል። እኛ ዘንድ ያለ እንትፍታ ምርቃት አይሞላም፤ ቃሉን ሰው ላይ የሚያጣብቀው እሱ ነው ይባላል።

ሌሎች ልጃገረዶች ስለ ሠርጋቸው ሲያልሙ ልብሱን ያስባሉ፣ ፈረሱን ያስባሉ። እኔ የማስበው ያችን እንትፍታ ነበር። በሌላ ሰው ልጅ ግንባር ላይ ሳያት እቀና ነበር። አባትየው የእኔ ሆኖ!

ጥርሱ ገና ጎልማሳ ሳለ ነው የረገፈው። ድዱ ይደማል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ አንድ ቀን ዳቦ ውስጥ ያገኘዋል። መፋቂያ እኮ ከአፉ አይለይም ነበር። በመጨረሻ ከታች ሁለት ብቻ ቀሩት። ጉንጩ ገባ፣ አገጩ ወደ አፍንጫው ቀረበ። እናቴ ገብሱን ፈጭታ በሶ ትበጠብጥለት ጀመር። እሱ ግን ቆሎ ወዳድ ነው። እኛ ስንቆረጥም ዓይኑ እጃችን ላይ ይቀራል፤ እኛም አፍረን ወደ ጓሮ ይዘነው እንወጣለን። የአርሲ ገብስ ሲቆላ ሽታው ግን ግድግዳ አያግደውም።

አንድ ጊዜ በዴራ በኩል ናዝሬት ወርዶ ጥርስ ሠሪ ዘንድ ገባ። ሲመለስ «የድዴን ልክ ሊወስድ ጄሶ አስነከሰኝ። አፌ ውስጥ ቤት ሊሠራ መስሎኝ ነበር» እያለ አሳቀን። ጥርስ ሠሪው ሁለቱን የታች ጥርሶች ይቆዩ፣ አዲሱን እነሱ ላይ አስደግፌ እሠራዋለሁ ብሎት ነበር። አባቴ እምቢ አለ። እሱ የከብት ሰው ነው፤ ከብት የሚገምተው አፉን ከፍቶ ጥርሱን አይቶ ነው። «ሁለት ጥርስ የቀረውን በሬ ገበያ ላይ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ወይ ሙሉ ይሁን፣ ወይ ይቅር። ንቀልልኝ!» ብሎ አስነቀላቸው።

በሌላ ቀን ሄዶ አዲሶቹን ጥርሶች አድርጎ ከመኪና ሲወርድ አላወቅሁትም። ፊቱ ሞልቶ፣ ከንፈሩ ቦታው ተመልሶ። እናቴ በሻሿ ጫፍ አፏን ከልላ «ይኼን ጎረምሳ ማን አመጣብኝ?» አለች። ቆሎ አስመጣና በፊታችን ቆረጠመ። ያ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አሁን እንኳን ሰው ቆሎ ሲቆረጥም ስሰማ ዞር እላለሁ፤ እሱ ይመስለኛል።

ጥርስ ሠሪው «ይላላል፣ ጊዜ እያየህ ተመለስ» ብሎት ነበር። አባቴ ገበያ ያሳደገው ሰው ነውና «ሻጭ ሁሉ ተመለስ ይላል» ብሎ ተወው።

እውነትም ላላ። መጀመሪያ ሲስቅ የታችኛው ብድግ ይል ጀመር፤ በኋላ ሲናገርም። እኛ ጥርሱ ከሻይ ሙቀት የተነሣ ደርቆ የተጣመመ መሰለን። እናቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች፣ ለሁሉም ነገር መድኃኒቷ ቅቤ ነው። የደረቀ ቆዳ በቅቤ ይለሰልስ የለ? ጥርሱንም እንደዚያው በዚህ ጣሳ ቅቤ ውስጥ እያሳደረች ጠዋት ትሰጠዋለች።

ከዚያ የጎረቤት ሠርግ መጣ። አባቴ አሳምሮ መረቀ። ወደ ሙሽራዋ ጎንበስ ብሎ እንትፍ ሲል የታችኛው ጥርሱ ወጥቶ ጭኗ ላይ አረፈ። አንዲት አሮጊት «እንዴ! ምርቃቱ አነሰኝ ብሎ ጥርሱንም ጨመረላት!» አለች። ሌላዋ ተቀብላ «ያዢው ልጄ፣ አማትሽን መንከሻ ይሆንሻል!» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ጥርሱን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ኪሱ ከተተው። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ለምርቃት ሲጠሩት «ጉንፋን ይዞኛል» ይላል። ክረምት ከበጋ ጉንፋን።

እኔን ደግሞ በዚያው ሰሞን የጎበሳ ከተማ ነጋዴ ጠየቀኝና የሠርጌ ቀን ተቆረጠ። «አባዬ ካልመረቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብዬ እናቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ። እሷም የንብ ሰም አለስልሳ የጥርሱን ጎድጓዳ ሞላችና ከአባቴ ድድ ጋር አጣበቀችው። አባቴ ተነሥቶ ግቢ ወጣ። ከአጥሩ ኋላ ሆኜ አየሁት፤ ጥጃችን ፊት ቆሞ ሙሉውን ምርቃት ጀምሮ ጨረሰና ግንባሯን እንትፍ እንትፍ አላት። ጥርሱ አልወደቀም! ጥጃዋ ጆሮዋን አራገበች፣ እኔ አፌን ይዤ በደስታ ዘለልኩ።

የሠርጌ ዕለት የሙሽራው ፈረሰኞች ከጎበሳ መጡ። በቅቤ የታሸው የገብስ ጭኮ ቀረበ፣ ሻይ ተቀዳ። ከሙሽራው ወገን የመጡት ሽማግሌዎች የቤቱ ባለቤት ሳይቀምስ አንጠጣም አሉ፤ ወጉ ነው። አባቴ ምን ያድርግ? የሚያቃጥለውን ሻይ ጠጣ፣ ደገሙለት፣ ያንንም ጠጣ። ሰሙ አፉ ውስጥ ቀለጠ።

ተነሥቶ ዱላውን ተደገፈ። «ሆራ…» አለ። አገጩ ወደ ጎን ሲንሸራተት አየሁ። አፉን ገጠመ። እጁን ራሴ ላይ ጫነ፣ ከበደኝ። ግንባሬን ወደ እሱ ቀና አድርጌ ጠበቅሁ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሮ፣ ጥርሱን በምላሱ እንደያዘ፣ «አንተ ጨርስላት» አለው።

አጎቴ ደግ ሰው ነው፣ አሳምሮ ጨረሰው። እንትፍታው ግንባሬ ላይ አረፈ፤ ስጠብቀው የኖርኩት ግን እሱን አልነበረም። ፈረስ ላይ ሆኜ ዞር ስል አባቴ አጥሩ ጋ በመዳፉ አፉን ይዞ ቆሟል። ከኋላው የጭላሎን ተራራ ጉም ሸፍኖታል።

ጎበሳ ላይ አማቴ ስትናደድ «አባቷ እንኳን ምርቃት የነፈጋት» ትለኝ ነበር። ስሰማው ስሰማው እኔም ማመን ጀመርኩ። ባሌን አልወደደው ይሆን? በእኔስ አዝኖ ይሆን? ባሌን ንግዱ አንዴ ሲሬ፣ አንዴ ዴራ ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩት። በየሄድኩበት አባት ልጁን ሲመርቅ ሳይ እጄ ሳላዝዘው ግንባሬን ይነካል። እሄዳለሁ፣ ሄጄ እጠይቀዋለሁ፣ አሁንም አልረፈደም እላለሁ። ዛሬ ልጅ ታመመ፣ ነገ መንገዱ ጭቃ ሆነ። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ክረምት አባቴ ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ስደርስ ተቀብሯል። እናቴ ጥርሶቹን ከነጣሳው ሰጠችኝ፤ «ማድረጉን ትቶት ነበር» አለች እንጂ ሌላ አልነገረችኝም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ የእኔም ጥርሶች ማለቅ ሲጀምሩ ልጆቼ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጣሳዬን ይዤ ገባሁና «ይኼ ለእኔ አይሆንም? በሻይ ተጣሞ ነው እንጂ ደህና ዕቃ ነው» አልኳት። ሳቀች። «እማማ፣ የሰው ጥርስ ለሰው አይሆንም» አለችና በመብራቱ አገላብጣ አየችው። እኔም የአባቴ መሆኑን፣ ሁለቱን የታች ጥርሶች እንዴት እንዳስነቀለ፣ በኋላም እንዴት እንደላላ ነገርኳት።

«ይኼ ምንም አልተጣመመም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ይዞት የነበረው የመንጋጋ አጥንት ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል፤ የታችኛው ይብሳል። ሁለቱ የታች ጥርሶች ቢቀሩ አጥንቱን ያቆዩት፣ ይኼኛውንም ይደግፉት ነበር። የላላው ይኼ ጥርስ አይደለም፤ ከሥሩ የአባትዎ አጥንት አልቆ ነው። እንዲህ የሆነ ሰው አፉን ከፍቶ ልናገር ቢል የሚይዝለት ነገር የለም።»

ከዚያ እጄን ይዛ ጣቴን ከጥርሶቹ በታች ባለው ጎድጓዳ ውስጥ አስገባችው። ለስላሳ ነው፤ እዚህም እዚያም የእናቴ ሰም ቀርቶበታል።

«ይኼ የሚዳስሱት የአባትዎ ድድ ቅርጽ ነው» አለችኝ፣ «ጄሶውን የነከሱ ቀን እንደነበረ።»