የእናቴ ዳስ

ባለፈው ወር አንድ አናጢ የጓሮዬን መሬት በሜትር እየለካ ዋጋ ነገረኝ። የምኖርባት የዓለም ከተማ ፀሐይ ከቀትር በኋላ ቤት አያስቀምጥም። ከመምህርነት በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የምውለው ቤት ነውና፣ አንድ መቀመጫ ጥላ ቢኖረኝ ብዬ ነው ያስጠራሁት። በብረት ከሆነ የዓመት ጡረታዬን፣ በባሕር ዛፍ ከሆነ የአምስት ወሩን ይፈጃል፤ ቆርቆሮው፣ ምስማሩና የእጁ ዋጋ ተደምሮ። ከዚያ ቀና ብሎ «እትዬ፣ ለስንት ሰው ነው?» አለኝ። ስፋቱን ለማወቅ ነበር የጠየቀኝ። «ቆይ፣ አስቤ ልንገርህ» አልኩት።

ልጅ እያለሁ፣ መንዝ፣ ለዳስ የሚከፍል ሰው አልነበረም። ሰርግ ሲደርስ አንዱ ቋሚ፣ ሌላው ማገር፣ ሌላው ሽማግሌዎች የጋራ የሣር መሬታችንን ጓሳን ለአጨዳ በፈቀዱ ጊዜ ካጨደው ሣር ተሸክሞ ይመጣል። ባለሰርጉ ጠላ ያቀርባል፤ ተራው ሲደርስ እሱም ለሌላው ይሄዳል።

አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ታላቅ እህቴ ልትዳር ሆነ። እናቴ ኩሩ ነበረች። ወንድ በሌለበት ቤት የሰው ጉልበት ተበድሬ በምን እመልሳለሁ አለችና፣ ሁለት በግ ሸጣ ከሞላሌ ከተማ አናጢ አስመጣች። ሰውየው ቀጥ ያለ ዳስ ሠርቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። እኔ በሣሩ ሽታ ሰክሬ በቋሚዎቹ መሃል ስሽከረከር ዋልኩ። ሰው ግን ጠፋ። ሌላ ጊዜ ሳይጠሩ ሽንኩርት ለመክተፍ የሚሽቀዳደሙት ሴቶች «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ያልፋሉ እንጂ አይገቡም። ከምንጭ ስመለስ አንዷ «ለዳሱ ከከፈለች ለአጃቢውም ትክፈላ!» ስትል ሰማኋት። ለእናቴ ነገርኳት።

ሰርጉ ነገ ነው። እናቴ ባዶው ዳስ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ልጇን ያለ ሰው ልትድር መሆኑ ያኔ ገባኝና ፈራሁ። በኋላ ተነሥታ የአንዱን ጎን ገመድ በገዛ እጇ ፈታችው። ማገሩ ተንሸራተተ፣ ሣሩም ተከትሎ ወረደ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣችና «ዳሴ ወደቀብኝ፣ ኧረ ድረሱልኝ!» እያለች መንደሩን ዞረች።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ግቢያችን በሰው ሞላ። የአባቴ ሚዜ የነበሩት አያ ደምሴ የገመዱን ጫፍ አንስተው አገላብጠው አዩት። ወደ እናቴ ጠጋ ብለው፣ ከእሷ ሌላ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «አንቺ፣ ነፋስ ቋጠሮ መፍታት ለመደ እንዴ?» አሏት።

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እንዳልከብዳችሁ ብዬ ነበር፣ አያ።»

«የከበድሽንስ የከፈልሽ ለት ነው» አሉና ማገሩን ከፍ አድርገው ያዙ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እነሱ የጠገኑት ጎን ጠማማ ነበር፤ ግን በማግስቱ እዚያ ሥር መቆሚያ ጠፋ። እናቴ ከዚያ ወዲያ «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ማለት ታዘወትር ነበር። እኔን እያየች የምትለው ይመስለኛል፤ ኩራቷን መውረሴን አውቃ ይሆናል።

ወርሻለሁም። እዚህ ከተማ ስኖር ከቀብር በቀረሁ ቁጥር የእድሩን መቀጫ ከፍያለሁ፣ ለሰርግም ስጦታውን በሰው እልካለሁ። የማንም ነገር የለብኝም ብዬ ስኩራራ ኖርኩ። እናቴም እህቴም አሁን የሉም፤ ልጆቼ ሩቅ ናቸው። ጎረቤቶቼን በአጥር ላይ በሚያልፍ ድምፃቸው እንጂ በመልክ በቅጡ አልለያቸውም።

ለአናጢው በመጨረሻ «ለአራት ሰው ይሁን» አልኩት፤ አንድ ለማለት አፍሬ። ባለፈው ሳምንት ጨርሶ ዋጋውን ሲቀበል ቋሚውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «አይዞሽ እትዬ፣ ይሄ መቼም አይወድቅም» አለኝ። ሲሄድ ጥላው ሥር ተቀመጥኩ። ትኩስ ባሕር ዛፍ ይሸታል። እጄን ወደ ላይ ሰድጄ ማገሩን ዳበስኩት፤ ሁሉም በምስማር የተመታ ነው፣ የሚፈታ ገመድ የለውም። ቢኖረውስ፣ ድረሱልኝ ብዬ የማንን በር አንኳኳለሁ?