ገብስ የሚሸተው ሳክስፎን

አራተኛውን የጃዝና የፋንክ አልበሜን ልቀዳ ስቱዲዮ ገብቼ የአባቴን የሳክስፎን ሳጥን ስከፍት፣ ዛሬም የገብስ አቧራ ሸተተኝ።

አባቴ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነበር። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ደብረ ታቦር፣ እናቱ ቤት ገባ፤ ሥራም አላገኘም። በሁዳዴ ዘፈን ነውር ነውና፣ ጎተራ ውስጥ ተደብቆ፣ የሳክስፎኑን ሰፊ አፍ በጋቢ ወትፎ ይነፋል። እኔ ሴት ልጁ ገብሱ ላይ ተቀምጬ አዳምጠዋለሁ።

አንድ ቀን ጨለማውና ሙቀቱ አፈነኝና ጋቢውን መዝዤ አወጣሁት። ድምፁ ሰፈሩን አናጋው። ብዙም ሳይቆይ የንስሐ አባታችን በሩን በረገዱት።

«አንተ ሰው፣ በጾም?»

አባቴ እኔን አላጋለጠኝም። «ይፍቱኝ አባ። እኔ መውጫ ባጣ፣ ድምፄ እንኳ ይውጣ ብዬ ነው» አላቸው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ምን መውጫ አጣ? ግራ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ነፍቶ አያውቅም።

ዛሬ የመጨረሻውን ሙዚቃ ልጀምር ስል፣ እንደ እሱ የሳክስፎኑን አፍ በጋቢ ወተፍኩት። ድምፅ ቀራጩ ከመስታወቱ ማዶ ሳቀብኝ። ወፍራሙን በር እየዘጋ፣

«አውጪው እንጂ!» አለኝ። «እዚህ ብትጮኺም የሚሰማሽ የለም።»